ካምፓላ ውስጥ «ፉት» ማለት

በአገራችን ትምህርት ቤቶች የሰውነት ክፍሎች የእንግሊዝኛ ስም የሚሰጠው ገና በታችኛው ክፍል ነው። መምህሩ ራሱን ሲነካ ልጆቹ «ሄድ» ይላሉ፤ አፍንጫውን ሲነካ «ኖዝ» ይላሉ። ወደ ታች ሲወርድ ግን ሁለት ቃላት አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፦ «ሌግ» እና «ፉት»። ሁለቱም ሰሌዳው ላይ «እግር» ተብለው ይተረጎማሉ፣ ደወሉ ይደወላል፣ ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ይህ ትርጉም ፈተና ያሳልፍ ይሆናል፤ ካምፓላ ላይ ግን አያኗኑርም። በዚህች ከተማ «ፉት» ሐኪም ቤት፣ መንገድ ላይ፣ ጋዜጣ ላይ፣ የሠርግ ስብሰባ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መሬት ሲሸጥና ሲገዛ የሚነሳ ቃል ነው። በየቦታው የሚይዘው ሥራም ይለያያል።

ከአካሉ እንጀምር። የአማርኛው «እግር» ከጭን መነሻ እስከ ጣት ጫፍ ያለውን ሁሉ ይይዛል። መለየት ስንፈልግ ጭን፣ ጉልበት፣ ባት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ተረከዝ፣ ውስጥ እግር እንላለን እንጂ ሙሉውን ለሁለት ከፍለን ለላይኛውና ለታችኛው የየራሱን ስም አልሰጠንም። እንግሊዝኛ ግን ቁርጭምጭሚት ላይ ድንበር አስምሯል። ከዚያ በላይ ያለው «ሌግ» ነው። ከዚያ በታች ያለው፣ 26 አጥንቶች ያሉትና መሬት የሚረግጠው ክፍል፣ «ፉት» ይባላል። የካምፓላ ዙሪያ ሕዝብ ቋንቋ ሉጋንዳም እንደዚሁ ነው፤ የላይኛውን «ኦኩጉሉ»፣ የታችኛውን «ኤኪጌሬ» ይለዋል። ስለዚህ ሉጋንዳ ተናጋሪ ልጅ ሁለቱን የእንግሊዝኛ ቃላት ሲማር ድሮ የሚያውቀው ድንበር ላይ አዲስ ስም ይለጥፋል። እኛ ግን ስሙንም ድንበሩንም መማር አለብን። ስዋሂሊ በዚህ ነገር ወደ እኛ ያደላል፤ «ምጉ» የሚለው ቃሉ እንደ «እግር» ሁሉንም ይጠቀልላል።

ልዩነቱ የሰዋስው ወግ ብቻ መስሎ ለሚታየው ሰው፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወደሚኖሩባቸው ወደ ካባላጋላና ካንሳንጋ እንውሰደው። እዚያ አንድ ባቱን ያመመው ሰው ክሊኒክ ገብቶ «ማይ ፉት ኢዝ ፔይኒንግ ሚ» ቢል (አነጋገሩ እዚያ የተለመደ ነው) ሐኪሙ ጫማውን እንዲያወልቅ ያዘዋል። ራጅ ቢያዝም የሚነሳው ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው ነው። ባቱ አብጦ በደም ሥሩ ውስጥ የረጋ ደም ቢኖር፣ ያ ነገር የሚገኘው «ሌግ» ላይ ነው። እንግዲህ ሕመም ስንናገር ደንቡ አጭር ነው፦ ጫማ የሚሸፍነው «ፉት»፣ ሱሪ የሚሸፍነው «ሌግ»። ጣት ዘርግቶ ማሳየት ደግሞ ከሁሉም ቋንቋ ይበልጣል።

ለዕቃ ሲሆን ነገሩ ትንሽ ይጠማዘዛል። የወንበርና የጠረጴዛ እግር «ሌግ» ነው፤ ለእነሱ «ፉት» አይባልም። አልጋም አራት «ሌግ» አለው፤ «የአልጋው ፉት» ሲባል ግን የሚታሰበው ሰው ተኝቶ እግሩ የሚያርፍበት ጫፍ ነው። በካምፓላ የምግብ ቤት ዝርዝር ላይም ልዩነቱ ዋጋ አለው፤ የዶሮ «ሌግ» ያዘዘ ሰው ሥጋ ይመጣለታል፣ የዶሮ «ፊት» ያዘዘ ደግሞ ጥፍር ያለው ነገር። የከብት ሰኮና ለሰዓታት ተቀቅሎ የሚሠራውን ሞሎኮኒ የተባለ ወጥ የሚወዱ ሰዎች በዚህ አይደናገጡም።

«ፊት» ያልኩት የ«ፉት» ብዙ ቁጥር ነው። እንግሊዝኛ ብዙ ቁጥር ለመሥራት መጨረሻ ላይ «ስ» መጨመር ልማዱ ሆኖ ሳለ፣ በጣም ያረጁ ጥቂት ቃላቱ ግን ሆዳቸውን ነው የሚቀይሩት፤ «ቱዝ» «ቲዝ» ይሆናል፣ «ፉት» «ፊት» ይሆናል። በፊደላችን ስንጽፋቸው ደግሞ ሁለቱም አማርኛ መስለው ቁጭ ይላሉ፦ አንዱ ቡና ፉት የምንልበት፣ ሌላው የምንታጠበው። ስለ ድምፁም አንድ ነገር ልበል። «ፉት» አጭር ነው፤ ምግብ ማለት የሆነው «ፉድ» ረዘም ይላል። አማርኛ አናባቢ አስረዝሞ ትርጉም ስለማይለይ ጆሯችን ለዚህ አልሠለጠነም። ሉጋንዳ ግን ይለያል፣ ስለዚህ አድማጩ ልዩነቱን ይጠብቃል። (ካምፓላ ውስጥ «ፉድ» ራሱ ሌላ ትምህርት ይፈልጋል፤ ማቶኬ፣ ፖሾ፣ ሩዝና ካሳቫ «ፉድ» ናቸው፣ ሥጋውና ባቄላው ግን «ሶስ» ይባላል። አስተናጋጇ «ዊች ፉድ?» ስትል የምትጠይቀው ስለ እንጀራው እንጂ ስለ ወጡ አይደለም።)

አሁን ወደ መንገድ እንውጣ። የእንግሊዝ ሰው በእግሩ መሄዱን ሲናገር «ዎክ» ይላል። የካምፓላ ሰው ግን «ፉት»ን ራሱን ግሥ ያደርገዋል። «ቦዳ ይዘህ ነው የመጣኸው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ኖ፣ አይ ፉትድ» ይላል፤ በእግሬ መጣሁ ማለቱ ነው። ድርጊቱ «ፉቲንግ» ይባላል። ቦዳ ቦዳ ለተባለው የሞተር ታክሲ የሚከፈል ሲጠፋ፣ ወይም መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ (እነሱ «ጃም» ነው የሚሉት) አሥራ አራት ሰው የሚጭነው ሚኒባስ አልንቀሳቀስ ሲል፣ ከአሮጌው የታክሲ መናኸሪያ እስከ ዋንዴጌያ ወይም ከካባላጋላ እስከ መሐል ከተማ «ፉቲንግ» ይጀመራል። ቀልደኞች ደግሞ ከጃፓን መኪና ስም ጋር አዳቅለው «ፉትሱቢሺ ነው የነዳሁት» ይላሉ።

ይህን አነጋገር የተማሩ ሰዎች ሲያርሙት ይሰማል፤ «ትክክለኛ እንግሊዝኛ አይደለም» ይባላል። እኔ አልስማማም። አንደኛ፣ የድሮው እንግሊዝኛም «ፉት»ን በእግር መሄድ በሚል ትርጉም ግሥ አድርጎ ይጠቀምበት ነበር፤ ዛሬ ለንደን ላይ ቢከስም ካምፓላ ላይ በሕይወት አለ። ሁለተኛ፣ ከአካል ስም የተጓዥ ስም ማውጣት የእኛም ጠባይ ነው። «እግረኛ» የምንለው ሰው ስሙን ያገኘው ከእግሩ ነው፤ «እግረኛ ጦር» ስንልም እንደዚሁ። እንግሊዝኛው ለዚህ ወታደር «ፉት ሶልጀር» የሚል ስም አለው፤ በዩጋንዳ የምርጫ ሰሞን ይህ ስም ቤት ለቤት እየዞሩ ድምፅ ለሚለምኑ የፓርቲ ወጣቶች ይሰጣል። ሦስተኛ፣ ቃሉ ሥራውን ይሠራል፤ ማንም ዩጋንዳዊ ሲሰማው አይሳሳትም።

የሚሳሳተው የኢትዮጵያ የግንባታ ባለሙያ ነው። በእኛ ሳይቶች «ፉቲንግ» ማለት ዓምድ የሚቆምበት፣ መሬት ውስጥ የሚቀበር የኮንክሪት መሠረት ነው። ይህም ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው፤ «በእኩል ፉቲንግ» መደራደር የሚባለው፣ ማለትም በእኩል መሠረት ላይ መቆም፣ የዚሁ ዘመድ ነው። ስለዚህ ካምፓላ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባ «ዊ ሻል ቢ ፉቲንግ» ቢለው ኮንክሪት አያዝዝ፤ መኪናው ስለተበላሸ በእግር እንሄዳለን እያለው ነው።

የዩጋንዳ እንግሊዝኛ በዚህ ዓይነት ፈጠራ የታወቀ ነው። «ዩግሊሽ» የሚል ቅጽል ወጥቶለት፣ በርናርድ ሳቢቲ የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2014 መዝገበ ቃላት አሳትሞለታል። ከአካል ስም ከተፈጠሩት ግሦች ሁሉ የሚያስቀው ከጥርስ የወጣው «ዲቱዝ» ነው። ቃል በቃል ጥርስ መንቀል ነው፤ የሚነገረው ግን ፍቅር ሳይኖራት ወንዱን ገንዘቡን ብቻ ስለምታልብ ሴት ነው። ይህን ትርጉም የእንግሊዝ የጥርስ ሐኪም አያውቀውም። ምንጩ ሉጋንዳ ነው፤ እዚያ መንጋጋ መንቀል ከጥንት በዚህ ስሜት ይነገራል። ወደ «ፉት» እንመለስ።

«ፉቲንግ» የድህነት ወይም የትራፊክ ነገር ብቻ አይደለም። በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ ሳምንታት የዩጋንዳ ጋዜጦች «ፒልግሪምስ ፉት ቱ ናሙጎንጎ» የሚል ዓይነት ርእስ ይዘው ይወጣሉ። ናሙጎንጎ ከካምፓላ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኝ ስፍራ ነው። የካምፓላ ዙሪያ ግዛት የሆነችው የቡጋንዳ ንጉሥ ዳግማዊ ምዋንጋ ክርስትና የተቀበሉ ወጣት የቤተ መንግሥት አገልጋዮችን ያስገደለው እ.ኤ.አ. ከ1885 እስከ 1887 ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ብዙዎቹ በእሳት የተቃጠሉት ሰኔ 3 ቀን 1886 ናሙጎንጎ ላይ ነው። ከሰማዕታቱ 22ቱን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1964 ቅዱሳን ብላ አውጃለች፤ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያንም የራሷን ሰማዕታት በዚያው ዕለት ታስባለች። በዓሉ ሲቃረብ ምእመናን ከዩጋንዳ ዳር ዳር፣ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያ፣ ከሩዋንዳና ከኮንጎ ጭምር በእግራቸው ይጎርፋሉ፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይጓዛሉ። ግሼን ማርያምን ወይም ቁልቢ ገብርኤልን በእግር የተሳለመ ኢትዮጵያዊ ይህን ርእስ ሲያነብ «ፉት» የሚለው ግሥ ምን ያህል ላብ እንደያዘ ሊገባው ይችላል። መኪና ያላቸው ሰዎች መኪናቸውን ቤት ትተው ነው የሚሄዱት። እግር ስእለት ሲሆን ድካሙ የመባው አካል ነው።

በእግር መሄድ ተቃውሞ የሆነበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2011፣ ከምርጫው ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ የነዳጅና የምግብ ዋጋ ሲንር ተቃዋሚው ኪዛ በሲጌና ጓደኞቻቸው «በእግር ወደ ሥራ» የሚል ዘመቻ ጀመሩ። ሰልፍ አልተባለም፤ ሰኞና ሐሙስ ጧት ከቤት ተነስቶ ወደ ሥራ በእግር መሄድ ነበር፣ በቃ። ፖሊስ ግን ይህ ተራ መንገድ መሄድ አይደለም፣ ያልተፈቀደ ስብሰባ ነው አለ፤ በሲጌ ደጋግመው ታሰሩ። በዚያው ወር መጨረሻ መኪናቸው መስኮቱ ተሰብሮ ዓይናቸው ላይ የሚያቃጥል ርጭት ሲረጭ የታየበት ምስል ዓለምን ዞረ። አስተባባሪው ቡድን በሚያዝያ 2012 ታገደ። በየቀኑ መቶ ሺዎች ባዶ ኪሳቸው ግድ ብሏቸው የሚያደርጉትን ነገር ፖለቲከኛ ሲያደርገው ወንጀል ሊሆን ይችላል ወይ የሚለው ክርክር በዩጋንዳ ጠበቆች ዘንድ ብዙ ቀለም አስፈስሷል።

እስካሁን ያየነው መሬት የሚረግጠውንና የሚራመደውን «ፉት» ነው። ሦስተኛው ሥራው «ታች» ማለት ነው፤ የአንድ ነገር መጨረሻ፣ የሥሩ ጠርዝ። ለዚህ አማርኛ ግሩም ቃል አለው፦ ግርጌ። አልጋ ራስጌና ግርጌ አለው፤ አንዱ ከራስ፣ ሌላው ከእግር የመጣ ነው። የገጽ «ፉት» ግርጌ ነው፤ «ፉትኖት» የግርጌ ማስታወሻ ነው። የተራራ «ፉት» የተራራ ግርጌ ነው። እንግሊዝኛውና አማርኛው ሳይመካከሩ አንድ መንገድ ሄደዋል፤ ተማሪም እዚህ ላይ «ፉት»ን ከ«እግር» አላቅቆ ከ«ግርጌ» ጋር ቢያስተሳስረው ግማሹ ችግር ይቃለልለታል።

ካምፓላ ደግሞ ለዚህ ትርጉም የተሠራች ከተማ ናት። ስሟ ራሱ ከኮረብታ ነው የመጣው፤ ኢምፓላ የተባለችው ድኩላ መሰል እንስሳ ትሰማራበት ከነበረ ኮረብታ። የድሮዎቹ ሰባት ኮረብታዎች ዛሬ በዝተዋል፤ ሰው አቅጣጫ ሲጠቁምም «ኮረብታው ላይ» ወይም «አት ዘ ፉት ኦቭ ዘ ሂል» እያለ ነው። በዚህ አነጋገር ውስጥ የኑሮ ደረጃም አለ። ኤምባሲዎቹና ግቢያቸው ሰፊ የሆኑ ቤቶች እንደ ኮሎሎ ባሉ ኮረብታዎች ላይ ተቀምጠዋል። በማከሬሬ ዩኒቨርሲቲና በሙላጎ ሆስፒታል ኮረብታዎች መካከል ካለው ሸለቆ ላይ ግን ካታንጋ የተባለው የተጨናነቀ ሰፈር አለ፤ ረባዳው ቧይሴም ዝናብ በጣለ ቁጥር በጎርፍ ስሙ ይነሳል። ቤት የሚከራይ ሰው «ፉት ኦቭ ዘ ሂል» የሚል ማስታወቂያ ካነበበ፣ ዋጋው ለምን እንደቀነሰ በመጋቢትና በሚያዝያ ዝናብ ይገባዋል።

ከዚሁ ከግርጌ የወጣ ሌላ ነገር አለ፦ «ፉት ዘ ቢል»፣ ሒሳቡን መሸፈን። ሰው በእግሩ ሒሳብ እንዴት ይከፍላል? ታሪኩ ቀላል ነው። በድሮ ነጋዴዎች ደብተር ላይ ዕቃና ዋጋ ከላይ ወደ ታች ይዘረዘራል፤ ድምሩ ግርጌው ላይ ይጻፋል። ስለዚህ ሒሳብን «ፉት» ማድረግ መጀመሪያ መደመር ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ግርጌው ላይ የተቀመጠውን ድምር መክፈል ሆነ። ይህን አባባል ካምፓላ ላይ የምንሰማበት ዋና ቦታ የሠርግ ስብሰባ ነው። እዚያ ሙሽሮች ወዳጅ ዘመድን ለሳምንታት እየሰበሰቡ በጀት ያቀርባሉ፤ ድንኳኑን ማን፣ ኬኩን ማን፣ መኪናውን ማን «ፉት» ያደርጋል ተብሎ በግልጽ ይጠየቃል። አዲስ የመጣ ኢትዮጵያዊ በወዳጅነት ተጋብዞ ሄዶ «ካን ዩ ፉት ዚስ?» ሲባል እንዲራመድ የተጠየቀ መስሎት ፈገግ ቢል፣ እሺታ ሆኖ ሊመዘገብበት ይችላል።

ፈሊጦቹን ለብቻቸው ባየናቸው ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ አንቆይባቸውም፣ ምክንያቱም አብዛኞቹ ከላይ ካየናቸው ከሦስቱ ሥራዎች የሚፈልቁ ናቸው። ጋዜጣው ሚኒስትሩ «ድራጊንግ ሂዝ ፊት» ነው ካለ እግሩን እየጎተተ ነው፤ በአማርኛም እንደዚያው እንላለንና ችግር የለም። አባት «ፑት ሂዝ ፉት ዳውን» ከተባለ ረግጦ የቆመ ሰው ነው፤ «አይሆንም አልኩ፣ አይሆንም» ብሏል። ሙሽራው «ኮልድ ፊት» ካገኘው እግሩ በርዶት አይደለም፤ በመጨረሻው ሰዓት ፈርቶ ማፈግፈግ ፈልጓል። «ማይ ፉት!» ብሎ የሚያፌዝ ሰው የነገሩትን አላመነም። የእኛዎቹን በተራ ብናስቀምጥ እንግሊዝኛው ብዙ ያጣው ነገር አለ፦ እግር ጥሎን የምንደርስበት ቤት፣ እግረ መንገዳችንን የምንፈጽመው ጉዳይ፣ እግሬ አውጪኝ ብለን የምንሮጥበት ቀን፣ ሲመጣ ሲሳይ አብሮት የሚገባ እግረ እርጥብ እንግዳ። እነዚህን በ«ፉት» ለመተርጎም መሞከር ልፋት ነው፤ ለሌላው ቋንቋ የራሱን ትቶ የእኛን በአማርኛ ማቆየት ይሻላል።

እግር ኳስ ላይ እንግሊዝኛውም አማርኛውም ሉጋንዳውም ይስማማሉ። ሉጋንዳ «ኦሙፒራ ጉዌቢጌሬ» ይለዋል፣ ከቁርጭምጭሚት በታች ባለው እግር የሚጫወቱት ኳስ ማለት ነው። የሁለቱ አገሮች የኳስ ትውውቅም አሮጌ ነው፤ ዩጋንዳ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ዋንጫ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በጥር 1962 አዲስ አበባ ላይ፣ ነፃነቷን ከማግኘቷ ዘጠኝ ወር ቀደም ብላ ነበር። ሁለቱንም ጨዋታዎቿን ተሸነፈች፤ ዋንጫው እኛው ጋር ቀረ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ገንዘብ ወደሚበላው «ፉት» ደርሰናል፦ ወደ ልኬቱ። አባቶቻችን ጨርቅ በክንድ፣ አነስ ያለውን በስንዝርና በጋት ለኩ። እንግሊዞች በእግራቸው ለኩ። የማን እግር የሚለው ጥያቄ ለዘመናት ከገበያ ገበያ ሲያጨቃጭቅ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ተስማምተው ቆረጡት፤ አንድ «ፉት» 12 ኢንች ነው፣ በሜትር ልኬት 30.48 ሳንቲሜትር፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። በአማርኛ ይህን መለኪያ «ጫማ» እንለዋለን፤ ምርጫው ትክክል ነው፣ ምክንያቱም ጫማ መጀመሪያ የእግር መርገጫው ነው፣ ከዚያ ነው የምንጫማው ዕቃ የሆነው። አብራሪዎች ዛሬም ከፍታን የሚናገሩት በዚሁ ነው፤ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ7,600 ጫማ ይበልጣል፣ ኢንቴቤ ወደ 3,800 ይጠጋል። ለዚህ ነው ከአዲስ አበባ ሄዶ ኢንቴቤ ያረፈ ሰው አየሩ ወፍሮ የሚሰማው።

የፊልም ሰዎች «ፉቴጅ» የሚሉትም ከዚሁ የመጣ ነው። የድሮው ፊልም ጥቅል ርዝመቱ በጫማ ይቆጠር ነበር፤ ባለ 35 ሚሊሜትሩ በደቂቃ 90 ጫማ ይነጉዳል። በካምፓላው የዋካሊጋ ሰፈር አይዛክ ናብዋና የሚሠራቸው የድብድብ ፊልሞች አንድም ጫማ የሴሉሎይድ ፊልም ሳይነካቸው በዲጂታል ካሜራ የተቀረጹ ናቸው፣ ቀረጻው ግን አሁንም «ፉቴጅ» ይባላል። ቃላት ዕቃው ካለፈ በኋላም ይኖራሉ።

ሰው ቁመቱን ሲናገር «ፋይቭ ሰቨን» ካለ አምስት ጫማ ከሰባት ኢንች፣ ማለትም 170 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ሲጻፍ ለጫማው አንድ ጭረት፣ ለኢንቹ ሁለት ጭረት ከቁጥሩ ራስጌ ይደረጋል። አናጢዎቻችን በ«ሳንቲም» የለመዱትን እንጨት የካምፓላ ጣውላ ሻጮች ውፍረቱን በኢንች፣ ርዝመቱን በጫማ ይጠሩታል። አንድ የሰዋስው ወጥመድም አለ፤ ቁጥሩ ቅጽል ሲሆን ቃሉ በነጠላ ይቀራል። ግንቡ «ሲክስ ፊት» ይረዝማል፣ ግን «ሲክስ ፉት ዎል» ነው።

መሬት ላይ ግን ቃሉ ራሱ ይጠፋል። በካምፓላና በዙሪያዋ የቦታ ሻጭ «ፊፍቲ ባይ ሃንድረድ» ብቻ ይላል፤ ጫማ መሆኑን ማንም አይጨምርበትም፣ ሁሉም ያውቀዋል ተብሎ ይታሰባል። በካሬ ሜትር የለመደ ኢትዮጵያዊ ሃምሳ በመቶ ሜትር ነው ብሎ ካሰበ አምስት ሺህ ካሬ ያልማል። እውነቱ 15.24 ሜትር በ30.48 ሜትር፣ ማለትም 464.5 ካሬ ነው፤ ካለመው ከአሥር እጅ በላይ ያንሳል። አንዳንዱ ሻጭ ደግሞ በ«ዴሲማል» ይናገራል። አንድ ዴሲማል የኤከር አንድ መቶኛ፣ 40.47 ካሬ ሜትር ነው፤ ሃምሳ በመቶው ስለዚህ አሥራ አንድ ዴሲማል ተኩል ገደማ ይሆናል። አንድ ኤከር 43,560 ካሬ ጫማ ስለሆነ ስምንት እንዲህ ያሉ ቦታዎች ሲወጡለት ለመንገድ የሚተርፈው 3,560 ካሬ ጫማ ብቻ ነው። ስምንት ቦታና ሰፊ መንገድ ከአንድ ኤከር አወጣለሁ የሚል ሻጭ ካጋጠመ፣ ወይ መንገዱ ጠቧል ወይ ቦታዎቹ ሃምሳ በመቶ አይደሉም።

የመሬቱ ዓይነት ስምም ከእግር አይርቅም። በቡጋንዳ «ማይሎ» የሚባል የመሬት ይዞታ አለ፤ ስሙ «ማይል» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 በእንግሊዙ ሃሪ ጆንስተንና በሕፃኑ ካባካ (ንጉሥ) ዳውዲ ችዋ እንደራሴዎች መካከል በተፈረመው ስምምነት 8,000 ካሬ ማይል ያህል መሬት ለአንድ ሺህ አለቆችና ባለ ርስቶች ሲከፋፈል፣ ሕዝቡ መሬቱን በመለኪያው ስም ጠራው። ማይል ራሱ ከሮማውያን ሺህ እርምጃ የወረደ ነው፤ እንግሊዞች በ1593 በሕግ 5,280 ጫማ አድርገው ወሰኑት። የሮማ ወታደር እርምጃ በዚህ መንገድ የቡጋንዳ ርስት ስም ሆነ። ማይሎ ላይ ባለ ካርታው አንድ ሰው ሆኖ፣ መሬቱ ላይ የሚኖረውና «ኪባንጃ» የተባለ የመቀመጥ መብት ያለው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሕጉ ሁለቱንም ያውቃል። ካርታውን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ከነነዋሪው ነው የገዛው።

የዩጋንዳ ዜግነት የሌለው ሰው በዚያ አገር ማይሎም ሆነ ሌላ የዘላለም ይዞታ መያዝ አይችልም፤ ሕጉ የሚፈቅድለት ሊዝ ነው፣ ከ99 ዓመት ያልበለጠ። ስለዚህ ካምፓላ ያሉ ወገኖች ሆይ፣ «ፊፍቲ ባይ ሃንድረድ» ሲባሉ ከመክፈልዎ በፊት ፈቃድ ያለው ቀያሽ ይዘው ቦታው ድረስ ይሂዱ፣ እዚያ የሚኖር ሰው ካለም ያነጋግሩ። ደላላው በጫማ ያውራ፤ የባለቤትነት ማረጋገጫው ላይ የሚጻፈው በሄክታር ነው። ቁጥሩ 0.046 አካባቢ ካልሆነ አይፈርሙ።